ያልተጻፉትን ቅድመ አያት መጻፍ፦ የባላገር ዘመድን የቤት ኑሮና እምነት ለማጥናት ዝርዝር መመሪያ

ቅድመ አያቴ በየትኛው ዓመት እንደሞቱ የሚያውቅ ሰው በቤተሰባችን አላገኘሁም። ለተዝካራቸው ስንት ጋን ጠላ እንደተጠመቀ ግን ሦስት ሰው ነገረኝ። አንዱ አሥራ ሁለት አለ፣ አንዷ ሃያ አለች፣ ሦስተኛው "ኧረ ቤቱ ሞልቶ ደጅ ተርፎ ነበር" አለ። በቁጥሩ ያልተስማሙት ሦስቱ ሰዎች፣ ጋኑን ያዋሰው ማን እንደነበረና አንዱ ጋን ተሰብሮ በምን እንደተካሰ ሲያወሩ ግን ከአንድ አፍ የወጣ ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓመተ ምሕረት እያሳደድኩ መድከሙን ተውኩት። በባላገር ቤት ትዝታ የሚቀመጠው በቀን ቁጥር ሳይሆን በዕዳና በውለታ ነው፦ ማን የማንን ልጅ ክርስትና አነሣ፣ ማን ከማን መሬት ተካፈለ፣ ማን ለማን በሬ አቀናጀ፣ ማን የማንን ተዝካር አወጣ። ወረቀቱማ የለም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ የገጠር ደብርም ክርስትና የተነሣውን ሁሉ በመዝገብ የማስፈር ልማድ አልነበረውም። ስለዚህ ሰነድ ሳይሆን ግዴታ ፈልጉ። ግዴታ ባለበት ሁሉ የሚያስታውስ ሰው አለ፤ ቢያንስ ያልተከፈለው ሰው ያስታውሳል።

የምጽፈው በተለይ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ላይ አርሶ የኖረ የተዋሕዶ ክርስቲያን ቤተሰብን እያሰብኩ ነው። የወሎ ዘመድ ላላቸው ለብቻ የምለው አለኝ።

1. ከሰባት ቤት ጀምሩ

ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ዘር ይቆጥሩ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙ ከሆነ ጋብቻው ይቀራል። ይህ ማለት በየመንደሩ ዘር መቁጠር ሥራቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ፣ አንዳንድ ቦታ ዛሬም አሉ ማለት ነው። እነሱን ፈልጉ።

ስትጠይቁ "የቅድመ አያቴ አባት ማን ይባላሉ?" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰው እንደ ፈተና ይቆጥረውና ይጨነቃል። "እኛና የወዲያ ማዶዎቹ በምን እንዛመዳለን?" ወይም "የእነሱን ልጅ ለእኛ ልጅ ለምን አልጠየቃችሁም?" በሉ። መልሱ "እንዴት ይሆናል! በእናቷ በኩል አራት ቤት ናት" ይሆንና ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ራሱ ይፈሳል። አራቱን ቤት ስም በስም አስቆጥሩ።

ወረቀቱን አግድም አድርጋችሁ ቅድመ አያታችሁን መሐል አስቀምጡ፤ በአንድ በኩል የአባታቸውን፣ በሌላው በኩል የእናታቸውን ወገን ጻፉ። ብዙ ሰው የአባትን መስመር ብቻ ጽፎ ያቆማል፤ የሁላችንም ስም በአባት ስለሚጠራ ያ ብቻ እውነተኛው ዘር ይመስላል። ርስት ግን በሁለቱም በኩል ይወርድ ነበር። አንድ አራሽ በእናቱ እናት በኩል ወደ አንድ አቅኚ አባት ዘሩን ቆጥሮ ካደረሰ፣ ከዚያ መሬት ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጥቶ ርስትን እስኪያስቀር ድረስ ዘር ማወቅ ማለት እህል ማግኘት ማለት ነበር። ስለዚህ ከቤተሰባችሁ ውስጥ ሙግት የሚወድ የነበረውን ሰው ልጆች አትለፉ። ተሟጋች ሰው ዘር ቆጥሮ አይጠግብም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የተሟጋች ዘር ቆጠራ ለችሎት የተዘጋጀ ነው። መሬት የማያመጣው ቅርንጫፍ ይዘለላል፤ ርቃ ተድራ ድርሻዋን ያልጠየቀች እህት ትረሳለች። አንዱን ዝርዝር ቢያንስ ከሌላ ወገን ሰው ጋር አስተያዩት፣ በተለይ ተከራካሪ ከነበረው ወገን።

ዘር ስትጽፉ ሦስት ነገር ያሳስታችኋል። የመጀመሪያው በአያቱ የሚጠራ ልጅ ነው፦ እናቱ ሌላ ቦታ ስታገባ ወይም አባቱ ሲሞት አያቱ ጋር ያደገ ልጅ የአያቱን ስም እንደ አባት ስም ይይዛል፤ በወረቀታችሁ ላይም አጎት ከእህቱ ልጅ ጋር ወንድማማች ይሆናል። እኔ አንድ ሙሉ ትውልድ የጠፋብኝ በዚህ ነው። ሁለተኛው "ወንድሜ" እና "እህቴ" የሚለው ቃል ነው። የአጎት ልጅም ወንድም ነው። "በአንድ እናት ነው በአንድ አባት?" ብላችሁ ሁልጊዜ አስረግጡ። ሦስተኛው የስም ብዛት ነው። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ ወንድ ከሆነና ከዘመተ ደግሞ "አባ" ብሎ የሚጀምር የፈረስ ስም ሊኖረው ይችላል። ሴትን በብዙ ቦታ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ያገባችበት መንደር የሚያውቃት በዚያ ነው፣ የተወለደችበት መንደር በሌላ። እኔ ቅድመ አያቴን በአማታቸው ባወጡላቸው ስም እየጠራሁ የትውልድ መንደራቸውን ስጠይቅ "እንዲህ የምትባል ከዚህ አልወጣችም" እየተባልኩ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

2. ዓመቱን በዘመን ምልክት ያዙት

ሽማግሌ "በስንት ዓመተ ምሕረት?" ሲባል ወይ ይገምታል ወይ ዝም ይላል። "ማይጨው ሲዘመት ስንት ልጅ ነበራቸው?" ሲባል ግን ያስባል። መለኪያ አድርጋችሁ የምትይዟቸው እነዚህ ናቸው፦ ከብት አልቆ አገር የተራበበት ክፉ ቀን በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928፣ ከዚያ እስከ 1933 የጣልያን ጊዜ፣ የጎጃም ገበሬ በግብር የተነሣበት 1960፣ የመሬት አዋጅ 1967፣ የ1977 ድርቅ። በየአካባቢያችሁ ደግሞ የራሳችሁን ጨምሩበት፦ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የለበሰበት፣ ወንዙ ድልድይ ያገኘበት፣ መብረቅ ዋርካውን የመታበት።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ዘመነ ወንጌላውያን ነው። የገጠር ሰው ዓመተ ምሕረቱን ረስቶ "በዘመነ ሉቃስ ነው" ሊል ይችላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 ታካፍላላችሁ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ።

እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። አያቴ በሕይወት ሳሉ ስለ ልደታቸው የሚያውቁት ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ በዘመነ ማርቆስ ተወለዱ፤ የኅዳር በሽታ ሲገባ "ወፌ ቆመች" እየተባሉ ነበር፤ ክርስትና የተነሡት በጥር ሚካኤል ነው። የኅዳር በሽታ ኅዳር 1911 ነው። 1911 ላይ 5500 ሲደመር 7411፣ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሉቃስ ነው። ከእሱ በፊት ያለው 1910 ማርቆስ ይሆናል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው (ወንድ በ40)። ከጥር 12 ተነሥተን 80 ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር ጥቅምት 22 ወይም 23 ላይ እንደርሳለን። በጥቅምት 1910 መጨረሻ የተወለደ ልጅ በኅዳር 1911 ዓመት አልፎት መቆም የሚለማመድ ነው፤ ሦስቱም ቃል ገጠመ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ልደታቸውን እስከ ቀኑ ይዘውት ኖረዋል፣ እኛ ነን መጠየቅ ያላወቅነው። እርግጥ የታመመ ልጅ ቀኑ ሳይደርስ ሊጠመቅ ስለሚችል "ሕፃኗ ደኅና ነበረች?" ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

3. ማንን፣ የትና እንዴት እንደምትጠይቁ

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። በአንድ የፋሲካ ሰሞን ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ስልኬን መሐል አስቀምጬ "እስቲ ስለ ቅድመ አያታችን ንገሩን" አልኩ። ትልቁ አጎቴ ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገሩ። ስለ አባታቸው ጠመንጃ ብዙ ተማርኩ። አክስቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቃል አልወጣቸውም። በማግሥቱ ጓዳ ገብቼ ምስር ሲለቅሙ አብሬ ልለቅም ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ "አንተ ትናንት የጠየቅኸው ስለ እማሆይ አልነበር? ጠመንጃውንማ የገዙት እሳቸው ናቸው፣ ቅቤ ሸጠው" አሉኝ።

ስለዚህ፦ አንድ በአንድ ጠይቁ። ሴቶችን ለብቻ፣ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ። የቡና ሦስተኛው ስኒ ላይ የሚነገረው ከአቦሉ ይበልጣል። አንድ ቀን ጠይቃችሁ አትጨርሱ፤ ዛሬ የተነሣው ነገር ሌሊቱን ሲብላላ አድሮ ነገ ሌላ ይጎትታል። ትልቅ ሰውን እንደ አገሩ ወግ "አንቱ" በሉ፤ ከተማ ያደገ ልጅ "አንቺ" ሲል ቅር ተሰኝተው ዝም ያሉ እናት አይቻለሁ። ድምፅ ለመቅረጽ አስፈቅዱ፣ ፋይሉን የዚያኑ ቀን በሰውየው ስምና በቀኑ ሰይሙት፣ ሌላ ቦታም አንድ ቅጂ አስቀምጡ።

ዕቃ ይዛችሁ መጠየቅ ከሁሉ ይሻላል። ከጓዳ ጥግ የተረሳ መስቀል፣ ጫፉ የተበላ አንኮላ፣ የወፍጮ መጅ አምጡና "ይቺ የማን ነበረች?" በሉ። የዕቃ ጥያቄ ሰውን አያስጨንቅም።

4. የቤቱ ኑሮ

ትዳሩን በአንድ ጥያቄ አትዝጉት። በድሮው የባላገር ኑሮ መፋታት ብርቅ አልነበረም፤ የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌ ፊት ታስሮ በሽማግሌ ፊት ይፈታል፣ ንብረቱም ይካፈላል። የቁርባን ጋብቻ ግን አይፈታም፤ ካህናት የሚጋቡት በዚህ ነው፣ ሌላው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቁርባን የሚገባው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነበር። ከነዚህ ሌላ በደሞዝ የሚሆን ጋብቻ አለ። "ስንት ባል አገቡ?" ማለት ነውር ነው፤ "መጀመሪያ የተዳሩት የት ነበር?" ማለት ግን ጨዋ ጥያቄ ነው፣ "መጀመሪያ" የሚለው ቃል በሩን ይከፍተዋል። የኔ ቅድመ አያት መጀመሪያ የተዳሩት ከተራራው ማዶ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ የተወለደ ልጅ መኖሩን የሰማሁት በዚህች ጥያቄ ነው። ልጆቹን ሁሉ በየባሉ ለዩ፣ የሞቱትንም ጻፉ። የሞቱ ሕፃናት ካልተቆጠሩ የእናቲቱ ኑሮ አልተጻፈም።

ለዚህ ስሞች ይረዷችኋል። የዓለም ስም ብዙ ጊዜ የቤቱን ሁኔታ ይናገራል። ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ ካለ ከእሱ በፊት የሞተ ልጅ ወይም ዘመድ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ተረፈ የሚባል ካለ ከምን እንደተረፈ ጠይቁ። ዘመቻው የተወለደው አባቱ ዘመቻ ላይ እያለ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል፤ ሰው ስሙን ወዶት ብቻም ያወጣል፤ ስለዚህ ስሙ ጥያቄ ይሁናችሁ እንጂ መልስ አይሁን። ልጆቹን በልደት ቅደም ተከተል ደርድራችሁ ስማቸውን ስታነቡ ግን ቤቱ መቼ እንዳዘነና መቼ እንደተጽናና የሚታይበት ጊዜ አለ።

ስለ ሥራ ስትጠይቁ አንዲት ጥያቄ እመክራችኋለሁ፦ "ወፍጮ መኪና እዚህ አገር መቼ ገባ?" ከዚያ በፊት የቤቱ ዱቄት ሁሉ በሴት ጉልበት ይፈጭ ነበር፤ ሌሊት ተነሥቶ፣ ተንበርክኮ፣ መጁን እየገፉ። አክስቴ ስለ እማሆይ ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሳዩኝ መዳፋቸውን ነው። "እዚህ ጋ" አሉ፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋ እየጫኑ፣ "እዚህ ጋ እንደ ቁርበት ነበር። ፊታችንን ሲያብሱን ይቧጥጠን ነበር።" እንዲህ ያለውን ጻፉት፤ "ታታሪ ነበሩ" ከምትሉ።

ከዚያ የጉልበት ውለታውን ቁጠሩ። ወንፈል ዙር ነው፦ ዛሬ የኔን ካጨድክ ነገ ያንተን አጭዳለሁ። ደቦ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ይደግሳል፣ ሰዉ መጥቶ ይሠራል። በወንፈል አብረው የሚዞሩት እነማን እንደነበሩ ከጠየቃችሁ የቅድመ አያታችሁን እውነተኛ ጎረቤት አገኛችሁ። በሬ በጎደለ ዓመት ከማን ጋር እንደተቀናጁ፣ የማንን ከብት በርቢ እንደያዙም ጠይቁ።

የሚያሳፍር የሚባለውም ይመጣል። በቤቱ ባሪያ ነበረ ወይ? ባርነትን በሕግ የከለከለው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ከዚያ በፊት በነበረ ደህና ቤት ይህን ጥያቄ መዝለል ታሪክን መዝለል ነው። ከዘመዶቹ ውስጥ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ሸማኔ ነበረና "ቡዳ" እንዳይባል ተሸሽጎ ይሆናል። የሰማችሁትን ጻፉ፤ በሕይወት ያለ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ግን ለብቻው ወረቀት ላይ ይሁን፣ ለዘመድ ሁሉ በሚባዛው ላይ አይሁን።

5. እምነቱ

"እምነታቸው እንዴት ነበር?" ብትሉ የምታገኙት መልስ አንድ ነው፦ "ደግ ክርስቲያን ነበሩ፣ ጾም የማይገድፉ።" ስለ ሁሉም ሙታን የሚባል ነው። እምነትን ከቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ አንብቡት።

መጀመሪያ የማንን ዝክር ይዘክሩ እንደነበር ጠይቁ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ5 አቦ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። ከዚያ "ለምን እሱን?" በሉ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ያለው፤ ዝክር ብዙውን ጊዜ ከስለት ይጀምራል። ልጅ ታሞ "ብታድንልኝ በየዓመቱ እዘክርሃለሁ" ተብሎ ይሆናል፤ ባል ከዘመቻ እንዲመለስ ይሆናል። በእኛ ቤት ጊዮርጊስ የሚዘከረው ከማይጨው ዓመት፣ ከ1928 ወዲህ መሆኑን ሳውቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ቀጥሎ ማኅበሩ ነው። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በቅዱሱ ቀን ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት ይዞራል፤ ሰንበቴ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይበላል ይጠጣል። ጽዋው ከማን ቤት ወደ ቅድመ አያታችሁ ቤት ይመጣ እንደነበረና ከእሳቸው ወደ ማን ይሄድ እንደነበር ጠይቁ። ሲሞቱስ ማኅበራቸውን ማን ወረሰ? አንዳንድ ማኅበር በልጅ በልጅ ልጅ ዛሬም አለ፤ ካለ ሂዱና ከጽዋው ቅመሱ፣ ስለ እናንተ ቤት እነሱ የሚያውቁት አለ።

የክርስትና አባትና እናት ማን ነበሩ? አበልጅነት ቀላል ዝምድና አይደለም፤ ጋብቻ እስኪከለክል ድረስ ዘመድ ያደርጋል፣ እርቅ ሲያስፈልግም መጀመሪያ የሚላከው አበልጅ ነው። የነፍስ አባታቸውስ? የነፍስ አባትነት ከቄስ ወደ ቄስ ልጅ የሚወርድበት ቤት ስላለ የዛሬው ካህን አያት የእናንተ ቅድመ አያት የነፍስ አባት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ኑዛዜ አይጠየቅም፤ የክርስትና ስምና የተዝካር ነገር ግን ይጠየቃል። ለሞተ ሰው የሚደርሰው ጸሎተ ፍትሐት በክርስትና ስሙ ነው፤ እነ ወለተ ማርያምና ገብረ ሚካኤል የሚገኙት እዚያ ነው።

የጾሙን ነገር በዝርዝር ያዙት። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ መጾማቸውን ሁሉም ይነግራችኋል። እናንተ ጠርዙን ጠይቁ፦ ልጅ በስንት ዓመቱ ፍልሰታን ይጀምር ነበር? እርጉዝስ? ልጅ ታሞ ወተት ቢያምረው? አክስቴ እንደሚሉት እማሆይ ለታመመ ልጅ በዓርብ ወተት ይሰጡና እሳቸው በዚያ ፈንታ ቅዳሜን ቁርስ ሳይቀምሱ ይውሉ ነበር። ይህን በየትኛውም የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። የሴትዮዋ የራሳቸው ሥርዓት ነው፣ እምነታቸውንም ያየሁት በዚህ ነው።

"እማሆይ" ማለቴን ልብ ያለ አንባቢ ይኖራል። ብዙ የባላገር ሴቶች ባል ሲሞት ወይም ዕድሜ ሲገፋ ቆብ ደፍተው፣ ገዳም ሳይሄዱ በልጆቻቸው ቤት ጥግ ይኖሩ ነበር። መቼ እንደመነኰሱ፣ ቆቡን ከየት እንዳመጡ፣ ንብረታቸውን ለማን እንዳከፋፈሉ ጠይቁ። ስማቸው እንደገና የሚቀየረውም እዚህ ነው።

ተዝካሩን በተለይ አትዝለሉ። በሦስተኛው ቀን፣ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅ፣ በሙት ዓመትና በሰባት ዓመት መታሰቢያ አለ፤ ትልቁ ድግስ ብዙ ጊዜ በአርባው ነው። ማን ምን አዋጣ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ዕዳ ሆነ? ለተዝካር መሬት በወለድ አገድ (ብድሩ እስኪከፈል አበዳሪው እንዲጠቀምበት) የሰጡ ቤቶች ነበሩ።

ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ውጭ ያለውንም ጻፉት። ዛር ያለባት አያት፣ በየዓመቱ ለአድባር ቡና የምታፈላ፣ ክታብ ያንጠለጠለች፣ ጠበል ያልለቀቃት። ይህን ሲሰሙ "ይሄን ደግሞ አትጻፈው" የሚሉ ዘመዶች አሉኝ። ቅድመ አያቴ ግን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ከሰዓት ለአድባሯ ቡና ሲያፈሉ የተጣላባቸው ነገር አልነበረም፤ የተጣላው በእኛ ዘመን ነው።

ክታቡ በቤት ካለ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። በግእዝ "ዕቀባ ለአመትከ" ወይም ለወንድ "ዕቀቦ ለገብርከ" ከሚለው ቀጥሎ የባለቤቱ የክርስትና ስም አለ። ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ከተጻፈ አትደንግጡ፤ ክታብ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር፣ ሁለቱንም ስም ያዙ።

ወደ ወሎ ልምጣ። እዚያ በአንድ ቤት ሐረግ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን እየተፈራረቁ ይገኛሉ። በግንቦት 1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘው ነበር፤ የተጠመቀ አለ፣ የተሰደደ አለ፣ ቀን ተጠምቆ ሌሊት የሰገደም አለ። ከዚያ ዘመን አካባቢ ድንገት የስሙ ዓይነት የሚለወጥ ቅድመ አያት ካገኛችሁ ይህን አስቡ። በጋብቻ ብቻ የተለወጠም ብዙ ነው። በሙስሊሙ ወገን ጥያቄው ያው ነው፣ ቃሉ ይለያል፦ ኒካሁን ማን አሰረ፣ ቂርኣት የት ቀሩ፣ ለዚያራ የሚሄዱት ወደ የትኛው ሸህ ነበር፣ ዱዓው ከማን ጋር ነበር።

6. ወደ ደብሩ ስትሄዱ

በንግሥ ቀን ሂዱ፤ ርቆ የተዳረው ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ነጠላ ለብሳችሁ፣ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዛችሁ። መጀመሪያ ተሳለሙ፣ ከዚያ አስተዳዳሪውን አግኙና የማን ልጅ እንደሆናችሁ በአባትም በእናትም ቁጠሩላቸው። ብራና ለማየት በመጀመሪያው ቀን አትጠይቁ። ቅርስ ብዙ ስለተሰረቀ የማያውቁትን ሰው ካህናቱ ቢጠራጠሩ እውነት አላቸው።

ሲፈቀድላችሁ የምትፈልጉት ዋናውን ጽሑፍ ሳይሆን ዳር ዳሩንና ባዶውን ቅጠል ነው። በወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ የውርስ ክፍፍል ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር። የቅድመ አያታችሁ አባት በምስክርነት ሊገኙ ይችላሉ። በመጽሐፉ መጨረሻም ያጻፈውና የጻፈው ሰው በክርስትና ስማቸው ይታወሳሉ። መሪጌታ ካለ እንዲያነብላችሁ ለምኑ፣ ለድካሙም አስቡለት።

መቃብሩን የምታገኙት በሰው ነው። በገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ አብዛኛው መቃብር ስም የለውም፤ የተከመረ ድንጋይ ነው። ግን እያንዳንዱ ወገን የሚቀበርበት አቅጣጫ አለው። "የእኛ ሰዎች በየት በኩል ናቸው?" ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

7. ወረቀት ካለ

ጥቂት ነው፤ ብዙ አትጠብቁ። የሕዝብ ቆጠራ የሰው ስም አይሰጣችሁም። የቤተሰቡ የመሬት ይዞታ ደብተር አዲስ ቢሆንም በአራቱም ማዕዘን አዋሳኞቹን ይጠራል፤ አዋሳኙ ብዙ ጊዜ አንድ ርስት የተካፈለ ዘመድ ነው። የድሮ የግብር ደረሰኝና የፍርድ ግልባጭ በሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። በአዲስ አበባ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር)ና በስድስት ኪሎ በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይጠየቃሉ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ውስጥ የእናንተ ደብር መጽሐፍ ካለ ደግሞ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ በደብሩ ስም ፈልጉ።

8. ስትጽፉ

ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና የገመታችሁትን አትቀላቅሉ። እኔ ያየሁትን በሰማያዊ፣ የሰማሁትን በጥቁር ከነተናጋሪው፣ ግምቴን በእርሳስ እጽፋለሁ። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ካወራ ሁለቱንም አስቀምጡ፤ ዳኛ አትሁኑ።

ከልደት አትጀምሩ። አንድ ቀን ምረጡና እሱን ከንጋት እስከ ማታ ጻፉ፦ ወፍጮው፣ ውኃው፣ እሳቱ፣ ጎረቤቷ፣ የማታው ጸሎት። ባዶ የሆነባችሁ ቦታ ሁሉ ገና ያልጠየቃችሁት ጥያቄ ነው።

ጽሑፉን ከመበተናችሁ በፊት ለነገራችሁ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ለአክስቴ ሳነብ፣ እማሆይ ማታ ማታ "አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ይተኙ ነበር" የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

"ወዲያው አይደለም" አሉ። "መጀመሪያ እሳቱን ያዳፍናሉ። አመዱ ላይ በጣታቸው መስቀል ያደርጋሉ። ከዚያ ነው።"

በእርሳስ ከጎኑ ጻፍኩት። በኋላ በጥቁር ገለበጥኩት።